በገዛ እጄ የዘራሁት ካሞማይል

ከሰው እጅ ምንም ነገር የማልቀበልበት ጊዜ ነበር። ውሃ እንኳ ቢሆን ራሴ ካልቀዳሁት አልጠጣም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንደኔ ታሞ እንደኔ የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ እንደሆነው አድርጌ ልናገር።

የምንኖረው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ባለቤቴ ታደሰ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ቤት ቢያድር ነው። ልጅ አልወለድንም። የታደሰ እህት አስናቀች ከባሏ ተለይታ ከአጋሮ መጥታ አብራን ትኖር ነበር። ባጃጅ ከተማችን ውስጥ መታየት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

ሕመሜ የጀመረው በጨጓራ ነው። ጠዋት ስነሳ ደረቴን ያቃጥለኛል፤ ቀን ከበላሁ በኋላ ደግሞ ያስገሳኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጥታ ቡናና በርበሬ ቀንሺ አለችኝ። አንዲት አስተማሪ ጓደኛዬ ደግሞ ካሞማይል የሚባል፣ ከደረቀ አበባ የሚፈላ ሻይ እንድሞክር መከረችኝ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ከአንድ ሱቅ ፓኬት ገዝቼ መጠጣት ጀመርኩ። ቃጠሎውን ቀለል አደረገልኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ላንቃዬን በላኝ፤ ከንፈሬም ደነዘዘ። ፓኬቱን ቀድጄ መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። ብናኝ ነው። አበባ የሚመስል ነገር የለበትም። ባለሱቁ ጭድ ፈጭቶ ቀላቅሎበታል ብዬ ደመደምኩ። ተመልሼ ስጠይቀው "እትዬ፣ እንደመጣ ነው የምሸጠው" አለኝ። ዓይኑን አይቼ አላመንኩትም።

ያን ጊዜ ነው ራሴ ልዝራው ያልኩት። አዲስ አበባ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ያክስቴ ልጅ አለ። ደወልኩለትና ዘሩን በታጠፈ ወረቀት ላከልኝ። ወረቀቱን ስከፍተው ባዶ መሰለኝ። ከጤፍም የደቀቀ ነው፤ ትንፋሽ ይወስደዋል። ጓሮ፣ ከጤና አዳሙ አጠገብ መደብ አዘጋጀሁና እንደ ጎመን ዘር አፈር አልብሼ ዘራሁት። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ምንም የለም። አስናቀች የዕቃ እጣቢ የምትደፋው በዚያ በኩል ነበር። አንድ ቀን በመስኮት ሆኜ እጣቢውን ስትደፋ አየኋት። መደቡ ላይ አልደፋችም፤ አጠገቡም አልደረሰችም። እኔ ግን ሳላያት ምን እንደምታደርግ ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ከዚያች ቀን በፊት አስናቀችን ጠርጥሬ አላውቅም።

ለአክስቴ ልጅ እንደገና ደወልኩለት።

"አፈር አልብሰሽዋል እንዴ?" አለኝ።

"ታዲያ እንዴት ይዘራል?"

"ይሄ ዘር ብርሃን ካላየ አይበቅልም። ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ ላዩ ላይ በትኚውና በጣውላ ነገር ጫን ጫን አድርጊው። ውሃውን በተበሳ ጣሳ፣ ቀስ ብለሽ።"

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ እንዳለኝ አደረግኩ። በዘጠነኛው ቀን መደቡ አረንጓዴ ክር የተበተነበት መሰለ። ሲጠነክር አሳሳሁት፤ በየስንዝሩ አንድ አንድ እግር ተውኩ። ቅጠሉ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ማበብ ጀመረ። አበባው ዙሪያው ነጭ፣ መሃሉ ቢጫ ነው። ነጩ ወደ ታች ዘንበል ሲል ነው የሚለቀመው፤ ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ከሥራ በፊት እየተነሳሁ በጣቴ እየቆነጠርኩ እለቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ዓመት እንደዚያ ያስደሰተኝ ነገር የለም።

የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ አበባው ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል። ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ሳሎን ላሰጣው እችል ነበር። ግን ሰው ይነካዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሰፌዱን በገመድ አስሬ መኝታ ቤት፣ ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት። የደረቀውን በባለክዳን ቆርቆሮ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጠዋትና ማታ አንዳንድ ብርጭቆ እጠጣ ጀመር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሕመም መጣብኝ። ዓይኔ ያለቅሳል፤ ሳስነጥስ አላቆምም። ክንዴና አንገቴ ላይ ብድግ ብድግ ያለ ሽፍታ ይወጣና ከሰዓታት በኋላ ይጠፋል። ሌሊት ደረቴ ይጠብና ትራስ ተደግፌ አድራለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ደሜን አይተው ታይፎይድ ነው አሉኝና ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑን ጨረስኩ፤ ሽፍታው አልተወኝም። ሌላው ክሊኒክ አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። እሱ ለጊዜው ያሽለኛል፤ ግን ይመለስብኛል። በሦስተኛው ቦታ አክታዬን ሦስት ቀን አስመጥተው የሳንባ ነቀርሳ እንዳለብኝ ለማወቅ መረመሩ፤ የለም አሉ። የተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስንት ቀን እንዳሳለፍኩ አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የራሱን ሕመም ካወራኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ "ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?"

ጥያቄው ገባኝ። ልጅ የሌላት ሴት ቤት የባል እህት ከገባች ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ወንድሟ ሌላ እንዲያገባ ትፈልጋለች ይባላል። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ወጡን የምትሠራው አስናቀች ናት። ውሃውን የምታፈላው አስናቀች ናት። የኔን ልብስ የምታጥፈውም እሷ ናት።

ክረምት ሲገባ የቆርቆሮዬ ካሞማይል አለቀ። በዚያው ሳምንት አስናቀች ዘመድ ሞቶባት ለለቅሶ አጋሮ ሄደችና ሃያ ቀን ቆየች። እኔ በሃያ ቀን ውስጥ ዳንኩ። ማስነጠሱ ቆመ፤ ሌሊት ተኝቼ አደርኩ። ስትመለስም ለጥቂት ወራት ደህና ነበርኩ፤ ያንን ግን ነገሬ ብዬ አልቆጠርኩትም። እኔ የቆጠርኩት እሷ ስትሄድ መዳኔን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሰፋ አድርጌ ዘራሁ። አበባው ሲደርስ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። አሁን ከንፈሬ ያብጣል፤ የምውጠው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ጥር ላይ ፈቃድ ወስጄ ጠበል ገባሁ። ሰባት ቀን ጠበልና ቆሎ ብቻ ነበር ያገኘሁት። በአራተኛው ቀን ቆዳዬ ጠራ፤ በሰባተኛው ቀን የጠበሉን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት። ቤቴ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ፊቴ አብጦ ነቃሁ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ከቤት ስወጣ እድናለሁ፤ ስገባ እታመማለሁ። ለራሴ ትንሽ ድስት ገዛሁ። ጨውና በርበሬዬን ለይቼ ቆለፍኩ። እንጀራ ከጉሊት እየገዛሁ በሻንጣዬ አስገባለሁ። ልቤን ጥዬ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ከዘር አንስቶ ማንም ያልነካብኝ ካሞማይል። ሲብስብኝ ሦስት ብርጭቆ፣ አራት ብርጭቆ እጠጣለሁ።

አስናቀች ለብቻዬ መብላቴን አየች። አንድ ቀን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና "እትዬ ሙሉ፣ እኔ ቀድሜ ልቅመስልሽ?" አለችኝ። ወደ ድስቴ ዞርኩ። ታደሰ ግን ፊት ለፊት ጠየቀኝ።

"እህቴ ምን አደረገችሽ?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"አላልሽም። ድስትሽ ይናገራል።"

ከዚያ በኋላ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ጉዞውንም አበዛ።

የካቲት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ አስናቀች ከመኝታ ቤቴ ስትወጣ አገኘኋት። የታጠፈ ልብሴን ልታስቀምጥ ነበር የገባችው። ከሰፌዱ ግን ጥቂት አበባ ወለሉ ላይ ወድቆ አየሁ። ራሴን አልገዛሁም። እየጎተትኩ ወደ ግቢው በር አወጣኋትና ጎረቤት እየሰማ፣ መንገደኛ እየቆመ፣ ስትመርዘኝ ኖራለች አልኩ። "ከዓምና ጀምሮ እየገደለችኝ ነው" አልኩ። አስናቀች ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ታደሰ ሲመለስ ነገርኩት። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "እንግዲህ ትድኛለሽ" አለኝ።

አልዳንኩም። አንድ ወር ሙሉ ብቻዬን አበሰልኩ፤ ብቻዬን በላሁ፤ እየባሰብኝ ሄደ። የሆነ ነገር ቀብራብኝ ነው የሄደችው ብዬ የጓሮውን አፈር ቆፈርኩ። ፍራሹን ቀድጄ አየሁ።

መጋቢት ውስጥ በአንድ እሑድ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከሰፌዱ የደረቀውን አበባ አውርጄ ከአገዳው እያሻሸሁ ለየሁ። ብናኙ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ወፈር አድርጌ አፈላሁና አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። ብርጭቆውን ሳላስቀምጥ መዳፌን በላኝ፤ ቀጥሎ ውስጥ እግሬን። ምላሴ አፌን ሞላው። ልጣራ ስል ድምፅ አልወጣም። ግድግዳ እየያዝኩ እስከ ግቢው በር ደረስኩና ወደቅኩ።

ያገኙኝ አደ ዘምዘም ናቸው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ በኦሮምኛ አደ እላቸዋለሁ። "ያ ረቢ፣ ምን ሆነሽ?" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኦሮምኛ እየተጣሩ ባጃጅ አስቆሙ። ነጠላቸውን ከራሴ ስር አድርገው ደግፈው ያዙኝ። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ "ቀስ በል" ይሉታል፤ ቀስ ሲል ደግሞ "ቶሎ በል" ይሉታል። እኔ ያኔም፣ እስትንፋሴ እየተቆረጠ፣ ጠዋት በሩ ላይ ሰላም ሲሉኝ እጄን መጨበጣቸውን አስታወስኩና እጃቸው ላይ ምን ነበር ብዬ አሰብኩ። አእምሮዬ እዚህ ደርሶ ነበር።

ሆስፒታል ጭኔ ላይ መርፌ ወጉኝ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተዘጋው ጉሮሮዬ ተከፈተ። ስነቃ ወጣት ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል።

"ከመታመምዎ በፊት ምን በሉ? ምን ጠጡ?"

"ከሰው እጅ ምንም አልቀመስኩም" አልኩት።

"እሱን አልጠየቅኩም። ከራስዎ እጅስ?"

ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሐኪም የለም፤ እኔም ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም። ሻይ መድኃኒት አይደለም ብዬ፣ የጓሮ አትክልት ነው ብዬ፣ ምንም ነገር ትወስጃለሽ ወይ ሲሉኝ ሁሉ አልወስድም ነበር መልሴ። አሁን ስነግረው መጻፉን አቆመ። አደ ዘምዘምን ቆርቆሮውን ከቤት አምጥተው እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። ክዳኑን ከፈት አድርጎ አየውና ሳያሸተው መልሶ ዘጋው።

"መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲይዙ ያስነጥስዎታል?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"የሱፍ ፍትፍት ሲበሉስ?"

"አፌን ይበላኛል። ግን ሁሉንም ሰው የሚበላ ይመስለኝ ነበር።"

የነዚህ ሁሉ ዘር ከካሞማይሉ ጋር አንድ ነው አለኝ። አለርጂ የሚሉት፣ ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት ነው። ለብዙ ሰው ካሞማይል ምንም አያደርግም፤ ለኔ ግን የመጀመሪያው ፓኬት ላንቃዬን ሲበላኝ ነበር ማቆም የነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ምርት ከበላዬ ሰቅዬው ተኛሁ።

አላመንኩትም። ይህን ያህል ቶሎ የሚመልስ ሐኪም ማን ላከው አልኩ በልቤ። እሱም ሳይገባው አልቀረም።

"አያምኑኝም" አለ። "ጥሩ። ሦስት ሳምንት ይህን አበባ ከቤትዎ ያውጡ፤ አይንኩት። ሌላ ምንም አይቀይሩ። እንዲያውም ከማንም ቤት ይብሉ። ከታመሙ ይምጡና ይውቀሱኝ። ግን ልሞክረው ብለው መልሰው እንዳይጠጡት፤ ሁለተኛ ጊዜ ላንደርስልዎ እንችላለን።"

አደ ዘምዘም የጓሮውን መደብ ነቅለው፣ ሰፌዱንና ቆርቆሮውን ወስደው አራቁልኝ። መኝታ ቤቱን በውሃ አጠቡት፤ አንሶላውን አጠቡት። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ የራሳቸውን ምግብ ይዘው መጡ። "ኮቱ፣ ነይ ብይ" አሉኝ። ከጥር ወዲህ የእሳቸውንም እንደማልበላ ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጥኩና ሁለተኛውን አነሳሁ።

አንድ ሳምንት አለፈ። ጠዋት እየተነሳሁ ክንዴን በመስታወት አያለሁ። ሽፍታ የለም። ሁለት ሳምንት አለፈ። ተኝቼ አድራለሁ። ሰው ሲድን ይደሰታል፤ እኔ ግን አንድ ነገር እንዲያመኝ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። ብታመም አስናቀች ጥፋተኛ ትሆናለች። ከዳንኩ ግን እኔ ምን አድርጌያለሁ? በሃያ አንደኛው ቀን ታደሰ ከጉዞ ተመለሰ። ፊቴን አይቶ "ተሻለሽ" አለ። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ "ነገ ወደ አጋሮ ባዶ መኪና ነው የምወስደው" አለ።

አስናቀች አጋሮ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ሆና ተቀጥራ ነበር። ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩ ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እሷ ከመስመሩ ጫፍ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ነበር። ለምሳ ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ስታየኝ አልሸሸችም።

"እትዬ ሙሉ። ወፈር ብለሻል።"

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"ምን ተገኘ?"

"አበባው ነው አሉ።"

"ያ ከአልጋሽ በላይ የሰቀልሽው?"

"እሱ።"

ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረችው። "ልብስሽን ሳስቀምጥ እኔንም ያስነጥሰኝ ነበር" አለች። "ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሷል። ግን መድኃኒቴን ልታስጥለኝ ነው ትያለሽ ብዬ ተውኩት።"

"እል ነበር" አልኳት። ለምን እንደምዋሽ አላወቅሁም፤ ስለዚህ አልዋሸሁም።

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ። "ለኔ አታድርጊው። እኔ እንዳላደረግሁ አውቃለሁ። ወሬው እዚህ ድረስ ቀድሞኝ መጥቷል። እነዚያን ሴቶች አየሻቸው? ከኔ ጋር ምሳ አይበሉም። ይቅርታ ከፈለግሽ ለሰሙት ንገሪያቸው። በር ላይ ቆመሽ እንደተናገርሽው፣ ቆመሽ ተናገሪ።"

ያን ቀን መጋዘኑ ፊት ለፊት፣ ለቃሚዎቹ ሁሉ እያዩን፣ ከአንድ የምሳ ዕቃ በላን። ከኛ ጋር ወደ ጅማ እንድትመለስ ታደሰ ለመናት፤ አልመጣችም። እስካሁንም የምትኖረው አጋሮ ነው። በዓል ሲሆን እንሄዳለን።

ለሰሙት መናገሩን ግን አደረግኩት። የሠፈራችን እድር በተሰበሰበበት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ። አስናቀች ምንም እንዳላደረገችኝ፣ የታመምኩት ራሴ ከዘራሁት አበባ እንደሆነ፣ ያዋረድኳት በከንቱ እንደሆነ ተናገርኩ። አበባው ሌላ ሰው ላይጎዳ እንደሚችል፣ ግን የሚጠጡትን ቅጠልና ሥር ሁሉ ለሐኪም እንዳይደብቁ፣ አፋቸውን የበላቸው ነገር ካለ እንዲተውት ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ እግዚአብሔር ይማርሽ አሉኝ።

ስንበተን ከኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በእውነተኛ ሐዘን፣ "ልጄ፣ ይህንንም እንድትናገሪ ያደረገችሽ እሷ ናት አይደል?" አሉኝ።

ሳቅም ቁጣም አልመጣልኝም። እንደዚያ የሚያስብ ሰው ምን እንደሚሰማው ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ነገርኳቸው።